ቻርልስ አዳምስና በወረቀት ላይ የፈጠረው ቤተ ሰብ

በዚህ መጽሔት በየዓመቱ የአንድ ታዋቂ ሰው ታሪክ ይወጣል። ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ንጉሥ፥ የጦር አለቃ ወይም መድኃኒት ያገኘ ሐኪም ነው። እኔ ዘንድሮ ያመጣሁላችሁ ግን ዕድሜውን ሙሉ መቃብር፥ የሸረሪት ድርና የፈራረሰ ቤት እየሣለ ሰውን ሲያስቅ የኖረ ሠዓሊ ነው። የተከበራችሁ መምህራንና ወላጆች ይህን ስታነቡ ምነው ሌላ ሰው ጠፋ ትሉ ይሆናል፤ ጥቂት ብትታገሡኝ ግን ምክንያት እንዳለኝ ታዩልኛላችሁ።

ጓደኞቼ፥ ሰውየውን ባታውቁት ልጁን ታውቋታላችሁ። ጸጉሯን በሁለት የተጐነጐነችው፥ ጥቁር ልብስ የምትለብሰውና ፈገግ ማለት የማትወደው ዌንስዴይ ናት። በ2022 ዓ.ም. በኔትፍሊክስ ተከታታይ ፊልም ከወጣላት ወዲህ በእኛ ክፍል እንኳ ጭፈራዋን ያልሞከረ ተማሪ ጥቂት ነው። ያችን ልጅ፥ ከአባቷና ከእናቷ፥ ከአጎቷና ከአያቷ ጋር በወረቀት ላይ የፈጠረው ቻርልስ አዳምስ የሚባል አሜሪካዊ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስታውስ፤ ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኋቸው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ቻርልስ ሳሙኤል አዳምስ ጃንዋሪ 7 ቀን 1912 ዓ.ም. በኒው ጀርሲ ግዛት ዌስትፊልድ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ በመጀመሪያ የመርከብ ንድፍ የተማረ፥ ኋላ ግን በፒያኖ ኩባንያ ሹም ሆኖ ይሠራ የነበረ ሰው ነው። ቻርልስም በሠፈሩ ውስጥ ተንኰለኛ ከሚባሉት ልጆች አንዱ ነበረ። ሌሎች ልጆች ኳስ ሲጫወቱ እርሱ ወደ ከተማዋ የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን መቃብር እየሄደ በሐውልቶቹ መካከል መዘዋወር ይወድ ነበር። የሞቱት ሰዎች ምን ይሰማቸው ይሆን እያለም ያስብ ነበር ይባላል። ከዚህም ሌላ በዘመኑ ያረጁ፥ ሰገነታቸው የሾለና መስኮታቸው የጠበበ ትልልቅ ቤቶች በጣም ይማርኩት ነበር። አንድ ቀን ዱድሊ በሚባለው መንገድ ካለው ከእንዲህ ያለ ቤት ሰብሮ ገብቶ ፖሊስ ያዘው። ኋላ ዓለም ሁሉ ያወቀው የሥዕሉ ቤት ከዚያ ቤትና በኤልም መንገድ ከነበረው ከሌላው የተቀዳ ነው ይላሉ። ዛሬ ዌስትፊልድ በየዓመቱ በኦክቶበር ወር በስሙ በዓል ታደርጋለች፤ በዓሉም የተጀመረው በ2018 ዓ.ም. ነው። በልጅነቱ ፖሊስ የያዘውን ልጅ ከተማይቱ እንዲህ አድርጋ መካሷ ያስቃል።

አባቱ ልጁ መሣል እንዲቀጥል ያበረታታው ነበር። ቻርልስም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲገባ የመጀመሪያዎቹን ሥዕሎች ያወጣው ዌዘርቬን በሚባለው በትምህርት ቤቱ መጽሔት ነው፤ ልክ እንደዚህ እንደ እኛው ባለ መጽሔት ማለት ነው። ለእኛ መጽሔት ሥዕል አቅርበው ሳይወጣላቸው ለቀሩ ጓደኞቼ ይህን ማንሣቴ ደስ ሳይላቸው አይቀርም።

ከዚህ በኋላ በኮልጌት አንድ ዓመት፥ በፔንስልቬንያ ዩኒቨርስቲ አንድ ዓመት፥ ኒው ዮርክ ከተማ ባለው በግራንድ ሴንትራል የሥዕል ትምህርት ቤት አንድ ዓመት ያህል ተማረ። በዚህ ጊዜ፥ ይኸውም ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1932 ዓ.ም. ኒው ዮርከር የተባለው ታዋቂ ሳምንታዊ መጽሔት የመጀመሪያ ሥዕሉን አተመለት። በሥዕሉ ላይ ያለው መስኮት የሚያጥብ ሰው ብቻ ነው፤ መቃብርም አስፈሪ ነገርም አልነበረበትም። ቻርልስ ያን ጊዜ ገና የሃያ ዓመት ልጅ ነበር።

ነገር ግን በአንድ ሥዕል እንጀራ አይበላም፤ ስለዚህ በ1933 ዓ.ም. ስለ ወንጀል ምርመራ በሚጽፍ ትሩ ዲቴክቲቭ በተባለ መጽሔት ተቀጠረ። ሥራው ለኅትመት የሚቀርቡትን የሬሣ ፎቶግራፎች እያነሣ ደሙን በብሩሽ መሸፈን ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ከእንዲህ ያለ ሥራ ይሸሽ ነበር፤ እርሱ ግን ፎቶግራፎቹ ሳይነኩ እንደ ነበሩ ቢታተሙ ይሻል ነበር እያለ ይቀልድ እንደ ነበር ተጽፏል። የሚገርመው ሰውየው በጠባዩ እጅግ የዋህ፥ ትሑትና ለሰው አክብሮት ያለው እንደ ነበር የሚያውቁት ሁሉ መስክረውለታል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በ1938 ዓ.ም. አዳምስ አንድ ሥዕል ለኒው ዮርከር ሰጠ። በሥዕሉ ላይ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ምንጣፍ መጥረጊያ የሚሸጥ ነጋዴ አንድ ትልቅ አሮጌ ቤት ገብቶ ዕቃውን ያሞግሳል። ቤቱ ፈራርሷል፤ የሸረሪት ድር ከጣራው ተንጠልጥሏል። የቤቱ እመቤት ጥቁር ቀሚስ የለበሰች፥ ፊቷ የነጣ ቀጭን ሴት ናት፤ አጠገቧም ግዙፍ አሽከር ቆሟል። ነጋዴው የቆሙበትን ቤት ያላየ ይመስል ስለ ጽዳት ማስረዳቱን ቀጥሏል። ቀልዱ ይኸው ነው። አንባቢው ስለ ወደደው አዳምስ ሴትዮዋን ደጋግሞ ሣላት፤ ቀስ በቀስም ባል፥ ወንድ ልጅ፥ ሴት ልጅ፥ ራሱ የተላጨ አጎትና አያት ጨመረላት። በ1942 ዓ.ም. የመጀመሪያው የሥዕል መጽሐፉ ሲታተም መቅድሙን የጻፈለት የአስፈሪ ፊልሞች ተዋናይ የነበረው ቦሪስ ካርሎፍ ነው፤ አሽከሩም መልኩ ካርሎፍን የሚመስል ነው።

በጦርነቱ ዘመን አዳምስ ለወታደሮች ማስተማሪያ የሚሆን የሥዕል ፊልም በሚያዘጋጅ ክፍል ኒው ዮርክ ውስጥ አገለገለ። ከጦርነቱም በኋላ፥ በ1946 ዓ.ም. የገና ሰሞን፥ ከሥዕሎቹ ሁሉ የታወቀውን አወጣ። በዚያች ሥዕል የመንደሩ ሰዎች በበረዶ ውስጥ ቆመው በቤቱ ደጃፍ የገናን መዝሙር ይዘምራሉ፤ ከላይ ከሰገነቱ ደግሞ ቤተ ሰቡ የሚፈላ ነገር የሞላበትን ትልቅ ድስት በሰዎቹ ራስ ላይ ሊያፈሱ አዘንብለውታል።

ይህን ሥዕል ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁ ቀን ክፋቱን ብቻ ነበር የተመለከትሁት። ደግሜ ሳየው ግን ሌላ ነገር አገኘሁበት። ድስቱን የያዙት በአንድነት ተጠጋግተው ነው፤ አንዱ ከሌላው ተለይቶ የቀረ የለም። በሌሎቹም ሥዕሎች እንደዚሁ ነው። ልጆቹ መርዝ ቢቀምሙ እናትየዋ አትደነግጥም፤ ሌላ እናት ልጆቿ ሸክላ ሲሠሩ እንደምታይ ሁሉ ዐይኗን ጥላባቸው ትቀመጣለች። አጎትየው መልኩ ቢያስፈራም ከማዕድ አይለይም። አያትየዋ አርጅታለች ተብላ ወደ ሌላ ቦታ አልተላከችም። በሠፈሩ ካሉት ንጹሓን ቤቶች ይልቅ በዚያ በፈራረሰው ቤት ሰዎች እርስ በርሳቸው ይከባበራሉ። ውጭ ያለው ዓለም እንደ እነርሱ ባለመሆኑ ያዝንለታል እንጂ ከመካከላቸው በራሱ ወገን የሚያፍር አንድም የለም።

ይህን ስጽፍ የራሴ አያት ትዝ ትለኛለች። አያቴ መግነዣዋን ገና በደኅና ቀን ገዝታ በሣጥን አስቀምጣው ነበር። በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ እያወጣች ፀሐይ ታስመታዋለች፤ ብል እንዳይበላውም ጥሩ መዓዛ ያለው ቅጠል ትጨምርበታለች። አንድ ጊዜ ሦስት የክፍል ጓደኞቼ ለጥናት ቤታችን መጥተው ጨርቁ በገመድ ላይ ተሰጥቶ አዩና ምንድን ነው ብለው ጠየቁኝ። እኔም አፍሬ የአልጋ ልብስ ነው ብዬ ዋሸሁ። አያቴ ከበረንዳው ሰምታ ዝም አለች። ማታ ስለ ነገሩ ምንም አልተናገረችኝም፤ ዘወትር እንደምታደርገው እራቴን አጐረሰችኝ። ያ ጉርሻ እስከ ዛሬ ከጉሮሮዬ አልወረደም። የአዳምስን ሥዕሎች ስመለከት የሚቆጨኝ፥ በዚያ ቤት ያሉ ልጆች ቢሆኑ ኖሮ መግነዙን ኰርተው ለእንግዶቹ ያሳዩ እንደ ነበር ስለማውቅ ነው።

ወደ ሰውየው ታሪክ እንመለስ። ቤተ ሰቡ በመጽሔቱ ላይ ከሃያ ዓመት በላይ ሲታይ ለሰዎቹ ስም አልነበራቸውም። በ1964 ዓ.ም. ኤ.ቢ.ሲ. የተባለው የቴሌቪዥን ድርጅት ታሪካቸውን በተከታታይ ለማሳየት ሲነሣ ስም አስፈለገ፤ አዳምስም ስም አወጣላቸው። እናትየዋ ሞርቲሺያ፥ ወንዱ ልጅ ፐግስሊ፥ አጎትየው ፌስተር፥ አሽከሩ ለርች ተባለ። የአባትየውን ስም በሚመለከት ሁለት ስሞች መርጦ በመካከላቸው ሲያመነታ የሚጫወተው ጆን አስቲን እንዲመርጥ ተደረገና ጎሜዝ ሆነ። ዌንስዴይ ረቡዕ ማለት ነው። ስሟ የመጣው ልጅ በተወለደበት ቀን ዕድሉ ይታወቃል ከሚል ከእንግሊዞች የቆየ የልጆች ግጥም ነው፤ በዚያም ግጥም የረቡዕ ልጅ ዕድል ኀዘን ነው። በእኛም አገር በሰንበት የተወለደ ሰንበቱ እንደሚባል ያለ ነው፤ የእኛው ግን ለበረከት ነው።

የቴሌቪዥኑ ጨዋታ ሴፕቴምበር 18 ቀን 1964 ዓ.ም. ተጀምሮ በ1966 ዓ.ም. እስኪያልቅ 64 ክፍል ታየ። በዚያን ዘመን በአሜሪካ ቴሌቪዥን የሚታዩት ባልና ሚስት አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቁት በመነታረክ ነበር። ጎሜዝና ሞርቲሺያ ግን ብዙ ዓመት በትዳር ኖረው እንደ ትናንት ሙሽሮች ይዋደዳሉ። ሞርቲሺያ አንድ የፈረንሳይኛ ቃል ከተናገረች ጎሜዝ የያዘውን ሁሉ ጥሎ እጇን ከጣቷ እስከ ትከሻዋ ይስማል። ተመልካቹ ሊፈራቸው ተቀምጦ ወድዷቸው ይነሣ ነበር።

ስለ አጎት ፌስተር አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። እርሱን ሆኖ የተጫወተው ጃኪ ኩጋን ይባላል። ይህ ሰው በ1921 ዓ.ም. ገና ሕፃን ሳለ ከቻርሊ ቻፕሊን ጋር በፊልም ተጫውቶ ዓለም ያደነቀው ልጅ ነበር። በልጅነቱ በሥራው ያገኘው ብዙ ሚሊዮን ዶላር ነው። አድጎ ገንዘቡን ሲፈልግ ግን እናቱና እንጀራ አባቱ አጥፍተውት አገኘ። በ1938 ዓ.ም. ከሰሳቸው፤ በፍርድም የደረሰው ከጠቅላላው ትንሹ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት የካሊፎርኒያ ግዛት በ1939 ዓ.ም. በፊልም የሚሠሩ ልጆችን ገንዘብ የሚጠብቅ ሕግ አወጣ፤ ሕጉም እስከ ዛሬ በኩጋን ስም ይጠራል። የገዛ እናቱ ያልጠበቀችው ያ ልጅ፥ ጸጉሩ አልቆ፥ ወፍሮና አርጅቶ፥ ማንም ሊጥለው በማያስብበት ቤት አጎት ሆኖ ሲጫወት ማየት ለእኔ ከቀልዱ ሁሉ ይበልጥብኛል።

ታዲያ ይህን የመሰለ ፍቅር የፈጠረው ሰው በራሱ ቤት እንዴት ነበረ? እዚህ ላይ ታሪኩ እንደምንመኘው አይሄድም፤ እኔም ልሸፍነው አልፈልግም። የመጀመሪያ ሚስቱን ባርባራን ያገባው በጦርነቱ ዘመን ነበር። ቀጭን፥ ጸጉሯ ጥቁርና መልከ መልካም ስለ ነበረች ያዩዋት ሁሉ ከሥዕሉ የወጣች ይመስላቸው ነበር። ስምንት ዓመት ያህል አብረው ኖሩ። እርስዋ ልጅ ትፈልግ ነበር፤ ስለዚህም የማደጎ ልጅ እንውሰድ አለችው። አዳምስ ግን ትንንሽ ልጆችን አይወድም ነበርና እምቢ አለ። በዚህ ነገር ተለያዩ። ዌንስዴይንና ፐግስሊን የሣለ እጅ እውነተኛውን ልጅ ለመቀበል አልተዘረጋም። ይህን ሳነብ አዘንሁበት፤ አሁንም አዝንበታለሁ። ምናልባት ራሱን ያውቅ ኖሮ ይሆናል፤ ልጅን ሳይወዱ ከማሳደግ አለማሳደግ ይሻላል ብሎ እንደ ሆነም እንጃ።

ሁለተኛዋም ሚስት ባርባራ ትባል ነበር። በ1954 ዓ.ም. ተጋብተው በ1956 ዓ.ም. ተፋቱ። ይህችኛዋ የሕግ ዐዋቂ ነበረች፤ አዳምስም ሳያስተውል በፈረመላት ወረቀት የቤተ ሰቡ የቴሌቪዥንና የፊልም መብት በእርስዋ እጅ ገባ። ስለዚህ ከዚያ በኋላ በስሙ የሚጠራው ቤተ ሰብ በየቤቱ ሲታይ ትርፉ በሙሉ የእርሱ አልሆነም።

ሌላም ጕዳት አገኘው። ቴሌቪዥኑ ቤተ ሰቡን ማሳየት ሲጀምር የኒው ዮርከር ዋና አዘጋጅ ዊልያም ሾን የእነዚያን ሰዎች ሥዕል ከእንግዲህ አላወጣም አለ፤ የመጽሔቱ ክብር የሚቀንስ መስሎት ነው። የአዳምስ ሌሎች ሥዕሎች መውጣታቸውን ቀጠሉ፤ ሞርቲሺያና ልጆቿ ግን ሃያ ሦስት ዓመት ያህል፥ ሾን በ1987 ዓ.ም. ሥራውን እስኪለቅ ድረስ፥ ከተወለዱበት ቤት ተባረው ኖሩ። አዳምስ ግን መጽሔቱን አልተወም። ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ እስኪሞት ድረስ ሥዕሉን ለዚያው መጽሔት መስጠቱን ቀጠለ፤ በጠቅላላው የሣላቸውም ከ1,300 ይበልጣሉ ይባላል። የቀረበት ገንዘብና ክብር ስንት እንደ ሆነ እያወቀ ምሬት ያልያዘ ሰው መሆኑ ከሥራው ይልቅ ያስደንቀኛል።

በኒው ዮርክ ያለው መኖሪያው በጥንት የጦር ልብስና በቀስት የተሞላ ነበር፤ አሮጌ ፈጣን መኪናዎችንም ይወድ ነበር። እንደ ግሬታ ጋርቦና ጆን ፎንቴን ካሉ ስመ ጥር የፊልም ተዋንያን ጋር ሲታይ ጋዜጦች ብዙ ይጽፉ ነበር፤ ይህን ግን ለጋዜጦቹ ልተውላቸው።

በመጨረሻ፥ በ1980 ዓ.ም.፥ ዕድሜው 68 ሲሆን፥ ማሪሊን ሚለር የምትባል ለብዙ ዘመን የሚያውቃት ወዳጁን አገባ። ወዳጆቿ ቲ ብለው ይጠሯት ነበር። ሰርጉ የተደረገው የቤት እንስሳት በሚቀበሩበት ሥፍራ ነው፤ ሙሽራዪቱም ጥቁር ልብስ ለብሳ ነበር። በዚያ ቀን የቀለደው ሰው ሁሉ ስለ ልብሱ ቀልዶ ይሆናል፤ ይህ ትዳር ግን እንደ ቀደሙት አልፈረሰም። ሁለቱም ውሾችን እጅግ ይወዱ ነበር። በ1985 ዓ.ም. ከኒው ዮርክ ከተማ ርቆ ሳጋፖናክ በሚባል የባሕር ዳር አገር ቤት ይዘው ተቀመጡ፤ ቤቱንም ረግረግ ብለው ሰየሙት።

ሴፕቴምበር 29 ቀን 1988 ዓ.ም. አዳምስ በኒው ዮርክ መኪናውን እንዳቆመ የልብ ሕመም ጣለው። ወደ ሐኪም ቤት ተወሰደ፤ ነገር ግን ሊያድኑት አልቻሉም። ዕድሜው 76 ነበር። አስቀድሞ በተናዘዘው መሠረት የኀዘን ሥነ ሥርዓት ሳይሆን ወዳጆቹ ተሰብስበው ስለ እርሱ የሚጫወቱበት ግብዣ ተደረገ፤ እንዲታወስም የፈለገው ጥሩ የቀልድ ሠዓሊ ተብሎ ብቻ ነው። ሬሣው ተቃጥሎ ዐመዱ በሳጋፖናክ ቤታቸው ግቢ፥ የቤት እንስሶቻቸውን በቀበሩበት ሥፍራ ተቀበረ።

ሚስቱ ቲ ከዚያ በኋላ በዚያው ቤት ኖረች። በ1999 ዓ.ም. በእርሱና በእርስዋ ስም አንድ ድርጅት አቋቁማ የቀሩትን ሥዕሎቹንና ዕቃዎቹን እስከ ዕለተ ሞቷ፥ እስከ 2002 ዓ.ም. ድረስ፥ ስትጠብቅ ቆየች።